ውሃውን አየኸው?



ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። «ስለ ሞተር ሳይክል መካኒክ ይጻፍ፤ አንተን ምን አገባህ?» የምትሉ ካላችሁ እውነት አላችሁ፤ የመካኒክነት እውቀት የለኝም። አንድ በሽታ ወራት ሙሉ ያንገላታኝ፣ ከዚያም አልፎ በማያገባው ሰው ላይ ጣቴን የቀሰርሁት እውቀቱ ስለሌለኝ ነው። ጉዳዩ ከካርቡራተር ተነሥቶ የሰው ስም እስከ ማጥፋት ስለ ደረሰ፣ ከእኔ ስሕተት የሚጠቀም ቢገኝ ብዬ እንደ ነበረ ልጽፈው ወሰንሁ። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ መጠርጠር እስከ የት ድረስ ብልህነት ነው፣ ከየት ጀምሮስ በደል ይሆናል?

ሽንፋ ያለችው በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ በኩል፣ ከሱዳን ድንበር ብዙም ሳትርቅ ነው። የሽንፋ ወንዝ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ራሐድ ተብሎ ይጠራል። አገሩ የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር እግር ይዞ አይለቅም፤ በጋ ሲሆን ያው አፈር ተሰነጣጥቆ አቧራ ይሆናል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበት፣ ከዚያም የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ከእርሻ እርሻ እየዞረ ሰሊጥ ለሚገዛ እንደ እኔ ላለ ሰው ሞተር ሳይክል ማለት እግሩ ናት።

የእኔዋ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ቱ ስትሮክ የሚባለው፣ ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥለው ዓይነት ነው። ወደ እኔ ስትመጣ ሦስት ባለቤት አይታ ነበር። ቀለሟ ለቋል፤ ወንበሯ በሽቦ ተሰፍቷል፤ ነገር ግን ለመነሣት ሰነፍ አልነበረችም።

በሽታው የጀመረው በመስከረም መንገዱ ሲደርቅ ነው። ጠዋት በአንድ ርግጫ ትነሣለች። ሰፈር ውስጥ ሳዞራት ብውል ምንም አትል። ረጅም መንገድ ስወጣ ግን ሃያ ደቂቃ ያህል እንደ ሄድሁ ጉልበቷ ይደክማል፤ ጋዝ ስሰጣት ትታነቃለች፤ ከዚያም ሁለት ሦስት ጊዜ ተንገጫግጫ ትጠፋለች። ብረግጥ ብረግጥ አትነሣም። ገፍቼ ጥላ ሥር አቆማትና ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ስመለስ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ትሄዳለች፤ እንደ ገና ትጠፋለች። መካኒክ ፊት ሳቀርባት ደግሞ አትጠፋም። ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪም ቤት በር ሲደርስ ሕመሙ እንደሚተወው ዓይነት ነው።

ምክር ሰጪ አልጠፋም። አንዱ ካንዴላው ነው አለኝ፤ ቀየርሁ። ሌላው ካርቡራተሩ ቆሽሾ ነው አለ፤ ተፈትቶ ታጠበ፣ ቀጫጭኖቹ የቤንዚን ቀዳዳዎች ተነፉ። ሦስተኛው «ሲሞቅ የሚያጠፋት፣ ሲበርድ የሚመልሳት ቦቢናው ነው» አለ፤ ይህ አባባል እውነትም ይመስላል፤ ውስጡ የተበጠሰ ቦቢና ሲግል እሳት ይነሣል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ቦቢናውም ተቀየረ። ማርሚታው ካርቦን ሞልቶት ይሆናል ተብሎ ተጠረገ። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ሁለት ሦስት ቀን የዳነች እየመሰለኝ ደስ ይለኛል፤ ለካስ በእነዚያ ቀናት ከሰፈር ስላልወጣሁ ነው። አንዱማ ሲሊንደሩ ይከፈት ብሎኝ ነበር። አልሐምዱ ሊላህ፣ ገንዘብ አልነበረኝም።

እንግዲህ ከዚህ ቀጥሎ የመጣውን ስጽፍ አፍራለሁ።

በመንደራችን ከማደያ ቤንዚን አምጥቶ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቸረችር አንድ ወጣት አለ። ዕድሜው ከዐሥራ ሰባት አይበልጥም። ከእናቱና ከታናናሾቹ ጋር የሚኖረው በዚሁ ጠርሙስ ነው። እኔም ዘወትር የምገዛው ከእርሱ ነበር። አንድ ቀን ሰልባትዮውን ጢም አድርጌ ሞልቼ ወጣሁና ገና ሩቅ ሳልደርስ ጠፋችብኝ። እዚያው በመንገዱ ላይ ከሚሸጥ ሌላ ሰው ግማሽ ሊትር ገዝቼ ከላይ ጨመርሁበት፤ ወዲያው ተነሣች! «አሃ!» አልሁ። ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ ተከታተልሁ። ከልጁ ገዝቼ በሞላሁ ቁጥር ቶሎ ትጠፋለች። ከሌላ ሰው ጥቂት ስጨምርባት ትነሣለች። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን አራት አምስት ጊዜ ሞከርሁት፤ አልተሳሳተም። በመጨረሻ ልጁ ዘንድ ሄጄ «ቤንዚንህ ውስጥ ውሃ ትጨምራለህ እንዴ?» ብዬ ሰው ፊት ጠየቅሁት። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ምላሱ ተሳሰረ፤ «ኧረ ጋሼ፣ ወላሂ…» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። እኔም ያንን የተደፋ አንገት አራተኛ ማስረጃ አድርጌ ቈጠርሁት።

ከዚያ ወዲያ ዝም ብል ምን ነበረበት? ዝም አላልሁም። በሻይ ቤት ተናገርሁ። ከመግሪብ በኋላ መስጊዱ በር ላይ ጫማዬን እያጠለቅሁ ተናገርሁ፤ ከሶላት ወጥቼ ማለት ነው፣ ውዱኤ ሳይደርቅ። «ያንን ልጅ ተጠንቀቁት፤ ቤንዚኑ ውሃ ነው» አልሁ። ሰዎችን ከጉዳት የማስጠንቀቅ ግዴታዬን የተወጣሁ ነበር የመሰለኝ። የልጁ ጠርሙሶች ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ተደርድረው ሲውሉ አያለሁ፤ የሚገዛው አልፎ ሂያጅ ብቻ ሆነ። እኔ ከሌላ ሰው መግዛት ጀመርሁ። ሞተሯም፣ ትገርማችኋለች፣ መጥፋቷን አልተወችም። እኔ ግን ይህን ጊዜ «የልጁ ውሃ ካርቡራተሩን አበላሽቶት ሄዷል» አልሁ። ሰው አንዴ ወንጀለኛውን ካገኘ፣ ወንጀለኛው በሌለበት ለሚሆነው ነገርም ምክንያት ያገኝለታል።

የሰሊጡ ሥራ ሲያልቅ መተማ ዮሐንስ ዘልቄ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አገኘሁ። ሙያውን የተማሩት ገዳሪፍ ነው፤ በድንበሩ ደንብ ሁሉም «ዐሚ» ይላቸዋል። ታሪኬን ስነግራቸው አላቋረጡኝም። ሞተሯንም አልነኩም። ስጨርስ «ቤንዚኑ ውሃ ነበረበት ትላለህ?» አሉኝ። «አዎን» አልሁ። «ውሃውን አየኸው?»

ዝም አልሁ።

ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ጽዋ ፈትተው በሻይ ብርጭቆ ላይ ገለበጧት። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ አብሮ አይዋሐድም፤ ስለዚህ ካለ ከብርጭቆው ሥር ተንከባሎ ይቀመጣል፣ በዓይን ይለያል። ይህን ለማየት ጊዜው ቡና ከሚቀዳበት አይበልጥም። እኔ ስንት ወር ሙሉ ይህቺን አላደረግኋትም። በርግጥ በብርጭቆው ውስጥ የነበረው የሌላ ሰው ቤንዚን ነው፤ የልጁን ነፃነት አያረጋግጥም። ዐሚም ይህን አላሉም። ያሉት «እንግዲህ ዛሬ ውሃ የለም፤ ዛሬም ትጠፋለች። በል እንሂድ» ነው።

ከኋላዬ ተቀምጠው በኮኪት መንገድ ወጣን። በእጃቸው የያዙት አንድ የካንዴላ ቁልፍና አንድ አሮጌ ካንዴላ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ሞተሯን የመረመሯት ቀዝቅዛ፣ ተረጋግታ፣ ጋራዥ ውስጥ ቆማ ነው፤ እርሳቸው ግን በሽታው በሚመጣበት ሰዓትና ቦታ ሊጠብቁት ፈለጉ። ጠፋች። ወዲያው ወረዱ። በመጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ነቅለው በያዙት አሮጌ ካንዴላ ላይ ሰክተው ከብረቱ አስነክተው «ርገጥ» አሉኝ፤ ሰማያዊ እሳት ጠብ ጠብ አለ። «ቦቢናው ሐቀኛ ነው፤ ከንቱ ገንዘብህን አወጣህ» አሉ። እሳቱን ካዩ በኋላ ገመዱን መልሰው ሰክተው፣ ቤንዚን ወደ መንካት ተሻገሩ። (ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉ፤ በቤታችሁ ሞተር የሚነካካ ወጣት ካለ፣ ቤንዚን በፈሰሰበት ቦታ እሳት መሞከር ሰው ያቃጥላል።) ቀጥለው ቤንዚን ወደ ካርቡራተር የሚወስደውን ቀጭን ጎማ ነቀሉ። እንደ ክር የቀጠነ ቤንዚን ለአፍታ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ። ሰልባትዮው ግን ሙሉ ነው። ዐሚ ፈገግ አሉ። ጆሮአቸውን ወደ ክዳኑ አስጠግተው ቀስ ብለው ፈቱት፤ «ፍስስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሲገባ እኔም ሰማሁ። በዚያው ቅጽበት ቤንዚኑ ከጎማው ዷ ብሎ ወረደ። ጎማውን መልሰው ሲሰኩት በአንድ ርግጫ ተነሣች።

ክዳኑን ገልብጠው አሳዩኝ። ከውስጡ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ የከመነዳሪ ጎማ ተለጥፎበታል። «ይህን ማን ጨመረበት?»

እኔ ነኝ። በሰኔ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የክዳኑ ጎማ አርጅቶ ቤንዚን ልብሴ ላይ እየተረጨ ለሶላት ስላስቸገረኝ፣ ደግሞም ዝናብ እንዳይገባበት ብዬ፣ በገዛ መቀሴ ቆርጬ ያስገባሁት ነው። በሥራዬም ኮርቼ ነበር። ክዳኑ መሐል ላይ አየር የሚገባባት የመርፌ ዐይን የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ እርሷን ደፍኜአት ኖሯል። በመጀመሪያ ጎማው በደንብ ስላልተጣበቀ ጥቂት አየር ያሾልክ ነበር። ክረምቱን በጭቃው ምክንያት ብዙም አልነዳኋትም። የከመነዳሪ ጎማ ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ይጠጣና ያብጣል፤ አብጦ አብጦ በመስከረም ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ዘጋው። በድርጊቴና በውጤቱ መካከል ሦስት ወር ስለ ገባ ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። መካኒኮቹ ሁሉ «ምን ነካህ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ምንም» ነበር መልሴ። ውሸቴን አይደለም፤ እኔ ያንን እንደ መነካካት አልቈጠርሁትም፤ ማሻሻል ነበር የመሰለኝ። ውሃ እንዳይገባ ብዬ በደፈንሁት ቀዳዳ ምክንያት ልጁን ውሃ ጨመርህ ማለቴን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የውዱእ ኢብሪቃችሁን አንሡ። ውሃ ሞልታችሁ አፉን በመዳፋችሁ ግጥም አድርጋችሁ ብትይዙና ብታዘነብሉት፣ ውሃው ከጡቱ ጥቂት ወርዶ ይቆማል። መዳፋችሁን ስታነሡ ይፈሳል። የወረደውን ውሃ ቦታ የሚተካ አየር ካልገባ ውስጡ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከውጭ ያለው አየር ደግሞ ውሃውን እንዳይወርድ ገፍቶ ይይዘዋል። ባግዳድ ውስጥ በዘጠነኛው ምእተ ዓመት የኖሩት ሦስቱ የሙሳ ልጆች፣ ሙሐመድ፣ አሕመድና አል-ሐሰን፣ በ850 አካባቢ ባዘጋጁት የብልሃት መሣሪያዎች መጽሐፍ ውስጥ በዚህችው ምሥጢር ላይ የተመሠረቱ ብዙ ማሰሮዎች አሉ። አሳላፊው በጣቱ የተሰወረች ቀዳዳ ሲደፍን መፍሰሱ ይቆማል፣ ሲከፍት ይቀጥላል፤ እንግዳው ምክንያቱን ሳያውቅ ይደነቃል። እኔም ሰልባትዮዬን ሳላውቅ ከእነዚያ ማሰሮዎች አንዱን አድርጌው ነበር፤ የምደነቀውም ራሴ ነበርሁ።

አሁን ማስረጃዎቼን አብረን እንያቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከልጁ ገዝቼ በሞላሁ ቁጥር ቶሎ ትጠፋ የነበረው ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን ከላይ ያለው የአየር ቦታ ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ጥቂት ቤንዚን እንደ ወረደ ቶሎ ይታፈናል። ከማንም ብሞላ ያው ነበር። የሌላው ሰው ቤንዚን ወዲያው ያስነሣት የነበረው ቤንዚኑ ንጹሕ ስለሆነ አልነበረም፤ እርሱን ለመጨመር ክዳኑን ስለምከፍት ነው! ባዶ ጠርሙስ ይዤ ክዳኑን ከፍቼ ብዘጋውም ትነሣ ነበር። ጥላ ሥር ስትቆይ የምትነሣውም በመብረዷ ሳይሆን አየሩ በዚያች ሩብ ሰዓት በቀስታ ሾልኮ ስለሚገባ ነው። የልጁ አንገት መድፋትስ? አባቱ የሚያህል ሰው በሰው ፊት ሲጮህበት ያልደፋ አንገት የማን ይሆናል?

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ያለ ማስረጃ አልተነሣሁም፤ የሚያስፈራኝም እርሱ ነው። ያለ ማስረጃ የሚወነጅል ሰው ቢያንስ ሌሊት ብቻውን ሲሆን ይጠራጠራል። እኔ አራት ማስረጃ ይዤ፣ ደጋግሜ ፈትኜ፣ ተኝቼ አደርሁ። ሁሉም ያየሁት ነገር እውነት ነበር፤ ሞተሯ በእርግጥ ጠፍታለች፣ በእርግጥም ተነሥታለች። ነገር ግን አንድ ምልክት ብዙ አባት ሊኖረው ይችላል፤ እኔ ልቤ አስቀድሞ የመረጠውን አባት ሰጠሁት። ከ965 ገደማ ጀምሮ የኖረውና የብርሃንን ጠባይ በፈተና ያጠናው የበስራው ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም፣ እውነትን የሚፈልግ ሰው የሌሎችን ጽሑፍ ሲመረምር የራሱንም አእምሮ እንዲጠረጥር አሳስቧል። እኔ ካንዴላውን ጠረጠርሁ፤ ቦቢናውን፣ ካርቡራተሩን፣ የሰው ልጅን ጠረጠርሁ። ያልጠረጠርሁት የገዛ እጄን ብቻ ነው።

«ታዲያ ነጋዴ ካልጠረጠረ እንዴት ይኖራል?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገራችን ሰው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፤ ሰሊጥ ስገዛ እኔም ጆንያውን እስከ ሥሩ በዘንግ ሳልወጋ ገንዘብ አልከፍልም። ይህ ነውር አይደለም፤ ሻጩም አይቀየምም። ለምን አይቀየምም? ጥያቄዬን ያቀረብሁት ለጆንያው ስለሆነ ነው። «በዚህ ውስጥ አፈር አለ ወይ?» ብዬ ጆንያውን እጠይቃለሁ፤ ዘንጉ ይመልስልኛል፤ ነገሩ ያልቃል። በቤንዚኑ ጊዜም ሁለት ጥያቄዎች ከፊቴ ነበሩ። አንዱ «በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ አለ?» የሚል ነው፤ አንድ ብርጭቆ ይመልሰዋል። ሌላው «ይህ ልጅ አታላይ ነው?» የሚል ነው፤ ይህን የሚመልስ ብርጭቆ አልተሠራም። እኔ የቀላሉን ትቼ ከባዱን መረጥሁ፤ ብርጭቆ የሚመልሰውን ሳልጠይቅ፣ አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ የሚያውቀውን በሻይ ቤት መለስሁት።

የኡሳማ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) ታሪክ በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው። በጦር ሜዳ ሰይፍ ሲያነሣበት ሸሀዳ የተናገረውን ሰው፣ ከፍርሃት ነው ብሎ ገደለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ የሰውዬውን ልብ ሰንጥቆ አይቶ እንደ ሆነ ጠየቁት፤ ጥያቄውንም ደጋገሙበት፤ ኡሳማም ምነው ከዚያ ቀን በፊት ባልሰለምሁ ኖሮ ብሎ እስኪመኝ ድረስ ተጨነቀ። ልብ በሉ፣ የኡሳማ ግምት ከማንኛችንም ግምት የተሻለ መነሻ ነበረው፤ ሰይፍ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ምን እንደማይል! ዐሚ «ውሃውን አየኸው?» ሲሉኝ ይህ ታሪክ ትዝ አለኝ። ሞተር ይከፈታል፤ ዐሚ ጎማውን ነቅለው ክዳኑን ፈትተው አይተዋል። የሰው ልብ ክዳን ግን የሚፈታ አይደለም።

ጥያቄን ለነገሩ ማቅረብ ለሰው ከማቅረብ ይልቅ ስንት እንደሚያተርፍ በእኛው ወንዝ ዳር የታየ ምሳሌ አለ። ሽንፋ ወንዝ ዳር የጥንት ሰዎችን መኖሪያ የቆፈረው፣ በጆን ካፐልማን የተመራው የተመራማሪዎች ቡድን፣ ውጤቱን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አውጥቷል። በአፈሩ ውስጥ ከጠጉር የቀጠኑ የእሳተ ገሞራ መስታወት ፍርፋሪዎች አገኙ፤ የፍርፋሪውን ንጥረ ነገር መርምረው ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ ተራራ የመጣ መሆኑን ለዩ። ያ ፍንዳታ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ምንም አልቀረውም የሚል ግምት ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። የሽንፋ አፈር ግን ከፍንዳታው በኋላም ሰዎች እዚያው እንደ ኖሩ፣ ወንዙ ሲጎድል በየኩሬው የቀረውን ዓሣ አብዝተው እንደ ተመገቡ አሳየ። የአንድ ተራራ ስም ለመጥራት እንኳ ፍርፋሪ በአጉሊ መነጽር ይመረመራል። እኔ የአንድ ልጅን ስም ለመጥራት ብርጭቆ አላነሣሁም።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ፤ እዚያ ነገሩ ይከብዳል። ጠርሙስና ጆንያ ይመረመራሉ አልሁ። አባት ልጁን ሲጠረጥርስ? ሚስት ባሏን፣ ባል ሚስቱን፣ ወንድም የውርስ ሒሳብ የያዘውን ወንድሙን ሲጠረጥርስ? አንዳንዱ ጉዳይ ብርጭቆ አለው፤ ሒሳብ ይጻፋል፣ ምስክር ይቆማል፣ ይህ ሸሪዐችን ያዘዘው ነው። አንዳንዱ ግን የለውም። እዚህ ላይ የሞተር ትምህርቴ ያከትማል፤ እንዲያውም ተገልብጦ ይሄዳል። በሞተር ዘንድ የጥርጣሬ መድኃኒቱ መከታተል፣ መክፈት፣ መሰለል ነው። በሱረቱል ሑጁራት ግን አላህ (ሱ.ወ.) ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ባዘዘበት በዚያው አንቀጽ፣ አያይዞ መሰለልንና መተማማትን ከልክሏል። እንግዲህ የተከለከልነው መጠርጠርን ብቻ አይደለም፤ ጥርጣሬያችንን የምናጠራበት መንገድ የመሰለንንም ጭምር ነው። ልጄ ሲተኛ ኪሱን ልፈትሽ? ፈትሼ ምንም ባላገኝ ልቤ ያርፋል ወይስ «ሌላ ቦታ ደብቆት ነው» ይላል? የልጁ ቤንዚን በሌለበትም ሞተሯ ስትጠፋ እኔ ምን እንዳልሁ አንብባችኋል።

እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ዝርዝሩን ለዑለማዎቻችን እተወዋለሁ። በራሴ ላይ ካየሁት ግን ሁለት በር ብቻ የቀረ ይመስለኛል። አንዱ ሰውዬውን ብቻውን፣ በለሰለሰ ቃል መጠየቅና መልሱን መቀበል ነው። ሁለተኛው ሳያውቁ መኖርን መቻል ነው። ይህ ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ያልጠራ ነገር በሆድ ይዞ ሰላምታ መስጠት፣ ማዕድ መቅረብ ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ሌላውን የሚወነጅለው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም፤ አለማወቅ ስለሚያሳክከው ነው። እኔ ያን ጊዜ ከበሽታዋ ይልቅ ያቃጠለኝ በሽታዋን አለማወቄ ነበር። ልጁን ስወነጅል ሞተሯ አልዳነችም፤ ልቤ ግን ዐረፈ። ያ ዕረፍት በማን ሒሳብ እንደ ተገዛ አልጠየቅሁም።

ከመተማ ዮሐንስ እንደ ተመለስሁ በቀጥታ ወደ ልጁ ሄድሁ። ጎማዬን በእጄ ይዤ ሁሉንም ነገርሁት፤ ዐፉ በለኝ አልሁት። «ምንም አይደል ጋሼ» አለ፤ አሁንም አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ በተናገርሁባቸው ቦታዎች ሁሉ እየዞርሁ ቃሌን አነሣሁ፤ ሻይ ቤቱ፣ መስጊዱ በር። መስጊዱ በር ላይ አንድ አዛውንት ጎማውን ተቀብለው አገላብጠው ካዩ በኋላ «ያኔም እንዲህ እርግጠኛ ሆነህ ነበር የነገርኸን፤ አሁንስ እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። የሚሳለቁ አልነበሩም፤ ጥያቄያቸው የምር ነበር። አንዳንዶች ተመልሰው ከልጁ መግዛት ጀመሩ። አንዳንዶች «እሳት በሌለበት ጭስ የለም» ብለው እንደ ራቁ ቀሩ። እነዚህን በምን ቃል እንደምመልሳቸው አላገኘሁም።

ሞተሯ ዛሬም አለች። በክዳኗ ጎማ መሐል ዐሚ በሚስማር የበሷት ቀዳዳ አለች፤ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ጣል አደርግባታለሁ። ቤንዚን የምገዛው ከልጁ ነው፤ አሁን ጢሙ አቀንቅኗል፣ ታናሹም አብሮት ይሠራል። ልሞላ ስቆም ጠርሙሱን ያነሣና፣ ክዳኑን ሳይከፍት፣ ሥሩ እንዲታየኝ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ይይዝልኛል። ለሌላ ሰው ሲያደርገው አላየሁም። «ተው፣ አያስፈልግም» ስለው «እሺ ጋሼ» ይላል። በማግሥቱ ስመጣ እንደ ገና ያነሣዋል።